ዝነጣ በባዶ ኪስ፤ በማን እጅ?

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። የተነሣው በትልቅ ነገር አይደለም፤ በወንበር፣ በድስትና በእግር ጉዞ ነው። ግን «ትንሽ ነገር» እያልን የምንንቃት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የትልቁ ነገር ጅራት ናትና፣ እስቲ ጅራቷን ይዘን እንጎትታት።

በአንድ ወገን ያሉት ወዳጆቻችን «ድኻ ምን ዝነጣ አለው?» ይላሉ። ለእነርሱ ያማረ ኑሮ ማለት ከምረቃ በኋላ፣ ከደመወዝ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ መናኸሪያ ውስጥ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ዓመታቱን ይቆጥራሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ርካሽ ዝነጣን ያገኙ አሉ። የቀርከሃ መደርደሪያ ገዝተው፣ መጽሐፍና የአበባ ማሰሮ ደርድረውበት፣ ከጎኑ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። «ይኸው፤ በትንሽ ገንዘብ እንዲህ ይኖራል!» ይሉናል። ጥሩ ነው። ግን መደርደሪያውን የሠራውን ሰው ስም ጠይቋቸው፤ አያውቁትም። ዋጋውን ያውቁታል፤ ስንት እንዳስቀነሱም በኩራት ይነግሯችኋል።

እኛ ከሁለቱም ጋራ ጠብ አለን። በትንሽ ገንዘብ አምሮ መኖር ይቻላል እንላለን፤ እንዲያውም በአዊ ምድር ከብዙ ቦታ ይልቅ ይቻላል። የሚከለክለን የኪሳችን መሳሳት ብቻ አይደለም። ለእጅ ሥራና ለባለእጅ ያለን ንቀት ነው። ንቀቱ እስካለ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሳይኖሩ ይመረቃሉ፤ የሁለተኛዎቹም ዝነጣ የሌላውን ሰው ላብ በርካሽ መልበስ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ ዝነጣ የሚባለውን ነገር ከባለሱቅ እጅ እናስለቅቀው። ዝነጣ ከከተማ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ይገኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የዓድዋን ፈረሰኞች ለማሰብ ገበሬው በበዓሉ ዕለት ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም፣ ከየአቅጣጫው ፈረሱን አስጊጦ ይመጣል። ልብ ብላችሁ እዩት። የሰውየው ቁምጣ የተጣፈ ሊሆን ይችላል። ፈረሱ ግን ሙሽራ ነው! ጋማው ተበጥሯል፤ ግላሱ ተነጥፏል፤ ግንባሩና ደረቱ በጌጥ ተንቆጥቁጧል። ይህን ሁሉ ያደረገው የባንክ ደብተር አይደለም። ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከአካባቢ የተገኘ ቆዳ፣ እንጨትና ክር፤ ሥራውን የሚያውቅ እጅ፤ ከበዓሉ በፊት ብዙ ቀን የፈጀ ትጋት።

ዝነጣ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ገንዘብ በሰልፉ ውስጥ አለ፤ ግን ባንዲራውን የያዘው እሱ አይደለም። እንዲህ ማጌጥ የሚያውቅ ሕዝብ መሀል ተቀምጦ «እዚህ አገር ደግሞ ምን አለ?» ማለት ምን ይባላል? አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። ዶርም ውስጥ ያለነው የብረት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን አለን። ውጭ የተከራየነው ደግሞ አራት የጭቃ ግድግዳና አንድ ምስማር አለን፤ በምስማሩ ላይ ሁሉም ይሰቀላል፤ ጃኬት፣ ፎጣ፣ ፌስታል፣ አንዳንዴም ተስፋ። ይህን ክፍል ክፍል የሚያሰኘው ነገር ምንድነው? የፕላስቲክ ወንበር ነው ይሉናል። ከፋብሪካው ተነሥቶ በመኪና ተጭኖ፣ በየእጁ ትርፍ እየተጨመረበት መጥቶ፣ በዓመቱ እግሩ የሚሰበረውን ማለታቸው ነው። ሲሰበር አይጠገንም፤ ይጣላል።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ በቀርከሃ ሀብት ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሏት፤ አንዱ የደጋ፣ ሌላው የቆላ። የደጋው በእንጅባራ ዙሪያ በየገበሬው ጓሮ ቆሞ ይታያል። የቆላው ወደ መተከል ሲወርዱ ነው። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ ዓመታት እየጠበቀ አይረዝምም፤ ቁመቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። የሚጠነክረው ግን ወደ ሦስተኛ ዓመቱ ሲጠጋ ነው። ለጋውን የቆረጠ ሰው ሥራው ይኮማተርበታል፤ ነቀዝም ይበላበታል። የበሰለው በመልኩ ይለያል፤ አረንጓዴው ይደበዝዛል፤ ሽበት የመሰለ ነገር ይወጣበታል፤ ሲያንኳኩት ድምፁ ይደርቃል። ሥሩ ሳይነካ የበሰለው ብቻ እየተመረጠ ከተቆረጠ ጓሮው አይራቆትም፤ በየዓመቱ አዲስ ይበቅላል።

ሥራውም የራሱ ጥበብ አለው። ምስማር በቀጥታ ቢመቱበት ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ወይም በጋለ ብረት ይበሳል። ነቀዝን ለመከላከል በወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ወይም ጭስ እንዲጠግብ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። እነዚህን ጥቂት ነገሮች የሚያውቅ ተማሪ በአንድ ቅዳሜ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ በሁለት ቅዳሜ ዱካ መሥራት ይችላል። የመጀመሪያው ሥራው ይንጋደዳል። ይንጋደድ! የተንጋደደ የእጅ ሥራ ባለቤት አለው።

ታዲያ ስንቱ ተማሪ ነው አንድ ቀን ከባለሙያው ጎን ቁጭ ብሎ «እንዴት ነው የሚሰነጠቀው?» ብሎ የጠየቀ? የምናየው ሌላ ነው። በመንገድ ዳር ወንበሩንና መደርደሪያውን ደርድሮ ከሚሸጠው ሰው ዘንድ ጓደኞቻችን ይቆማሉ።

«አያ፣ ይህቺ መደርደሪያ ስንት ይላሉ?»

ሰውየው ዋጋውን ይናገራል።

«ኧረ አያ! ይቀንሱልን እንጂ፤ ቀርከሃ እኮ ነው፤ ጓሮ የሚበቅል!»

«እንግዲያውስ ልጄ» አለ አንዱ ባለሙያ እኛው ፊት፣ ቢላዋውን ከሥራው ሳያነሣ፣ «ከጓሮ ቁረጥና መጽሐፍህን ደርድርበት።»

በዚህ መልስ ውስጥ ብዙ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አለ። ጓሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ነው እንጂ መደርደሪያ አይደለም። በቀርከሃውና በመደርደሪያው መካከል ያለው የሰውየው ዕድሜ ነው። ልጁ ሊያስቀንስ የፈለገው የቀርከሃውን ዋጋ መስሎታል፤ ያስቀነሰው ግን ዕውቀቱን ነው። ይኸው ልጅ ግን ሱቅ ገብቶ ከውጭ የመጣ የስልክ ልባስ ሲገዛ «ፕላስቲክ እኮ ነው!» ብሎ አይከራከርም። ለምን? ያኛውን የሠራውን ሰው አያየውማ! የማያየውን ያከብራል፤ የሚያየውን ይንቃል።

ይህ ንቀት ዛሬ የተወለደ አይደለም። በአገራችን በብዙ ቦታ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ ሲሰደቡ ኖረዋል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከጥበብ ጋራ እየተዛመደ ስድብ ሆኗል። «ቡዳ» ተብለዋል፤ መሬት ተነፍገዋል፤ በጋብቻ ተገልለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ የሚሠራውን ሰው በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ልብሱን ለውጦ ግቢ ገብቷል። ዛሬ «ቡዳ» አይባልም፤ «ፋራ» ይባላል። «ይሄ የገጠር ነገር ነው» ይባላል። ቃሉ ቀለለ፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው።

ጀበናውን ተመልከቱት። እኛ ሐበሾች በቡና ሥርዓታችን የማንኮራበት ቦታ የለም። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ጀበናዋን የሠራችው ሴት ግን በብዙ መንደር ለዚያ ቡና አትጠራም። አፈሩን ቆፍራ፣ አሸዋና ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ያለ መንኮራኩር በእጇ አዙራ፣ በክፍት እሳት የጠበሰችው እሷ ናት። ከእጇ የወጣውን ከንፈራችን ላይ እናደርጋለን፤ እሷን ግን ደጃፍ ላይ እናቆማለን! በክፍሉ ጥግ ጀበና አስቀምጦ «ባህላዊ ጌጥ» የሚል ተማሪ በመጀመሪያ ይህን ያስብ። ጌጡ ያማረው ባህል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለሠራው ነው።

ነገሩ የክፍል ማሳመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንን ነበር። ግን ከመደርደሪያው ጀርባ የአገር ሒሳብ አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ያስረዱት ነገር ይኸው ነው፦ ጥሬ ዕቃ ሽጦ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ሁልጊዜ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ጥቂት ይቀበላል። የሚያሸንፈው ዕውቀት ያደረበት ሥራ ነው። እኚህ ሰው የጻፉትን ለፈተና እናነበዋለን፤ ከፈተናው አዳራሽ ወጥተን የፕላስቲኩን ወንበር እንገዛለን።

ምሳሌውን ከሩቅ አናምጣ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉ በጆንያ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ገበሬው ብልህ ነው፤ በአሲድ የተጎዳ መሬቱን መልሶ እንጀራ አብልቶታል። እሱን አንወቅስም። ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ሲመታው ምን ተያዘ? በአንድ ጥሬ ዕቃ ላይ የቆመ ኑሮ በአንድ እግሩ የቆመ ወንበር ነው። ከዛፍ ከሰል ብቻ ሳይሆን ዱካም፣ እጀታም፣ ሣጥንም እንደሚወጣ የሚያውቅና ያንን ለማየት የሚጓጓ ገዥ ከሌለ ባለእጁ ለማን ይሠራል? ገዥው ደግሞ እኛ ነን፤ በሺህ የምንቆጠር ተማሪዎች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን እንዳደረገ ኪሳችን ያውቃል። ጓሮ የሚበቅለውን መናቅ ያኔ ሞኝነት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ውድ ሞኝነት ሆኗል።

ከወንበሩ ወደ ድስቱ እንለፍ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። 22 ብር ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት! ያንን ዘመን የበላ ሰው ስለ ምግብ ቀልድ አይወድም። ወደ 100 ማደጉ ተገቢ ነበር፤ ገበያውም ወዲያው እየተከተለው ነው። ስለዚህ ካፌ የምንበላውም ሆንን ነን-ካፌ ሆነን ገንዘቡን የምንቀበለው በጥቂት ብር መብላትን ማወቅ ግዴታችን ነው። ማወቅ ማለት ግን መራብን መልመድ አይደለም።

አዊ የድንችና የገብስ አገር ነው። ከእንጅባራ ገበያ የተገዛ ድንች በሬስቶራንት «ቺፕስ» ተብሎ ከመምጣቱ በፊት ስንት ነገር ይሆናል! በእርድና በቃሪያ አልጫ ይሠራል። ከነልጣጩ ተቀቅሎ በአዋዜ ይበላል። በረመጥ ተቀብሮ ይጠበሳል። ተፈጭቶ ከዱቄት ጋራ ይጋገራል። ወደ ዳንግላ ስትወርዱ ዳጉሳው አለ፤ ጠቆር ያለ እንጀራው ነጭ ጤፍ ለለመደ ዓይን አይስብም ይሉታል፤ ሆድ ግን ዓይን የለውም። በሶውስ? ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አይጠይቅም። በዶርም ውስጥ ምድጃ ማብራት ክልክል ነው፤ መከልከሉም ልክ ነው። በሶ ግን ውኃ፣ ጨውና አንድ ጣሳ ብቻ ይፈልጋል። ከየቤታችን እናቶቻችን የሚልኩልን ይህን ስንቅ አልጋ ሥር ደብቀው ከሱቅ ኢንዶሚ የሚገዙ አሉ። ለምን ይደበቃል? «የድኻ ምግብ ነው» እንዳይባሉ። በሶ ያፈረበት ግቢ ዕውቀቱም ያሳፍረዋል!

ውጭ ተከራይተን ለምንኖረው አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዷ አይቻልም። ግን ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። ብርዱን ባና ይከላከለዋል፤ የበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነ። ከአንድ የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ሲያረጅም መቀመጫ ይሆናል።

ስለ ድስቱ ግን ያልተነገረ ሐቅ አለ። «የጋራ ድስት» የሚባለው ነገር መልካም ነው፤ አምስት ሰው አዋጥቶ ቢያበስል ለእያንዳንዱ በግማሽ ይረክሳል። ግን የሚያበስለው ማነው? ወንዶቹ ያዋጣሉ፣ ሴቶቹ ይልጣሉ። ወንዶቹ ይበላሉ፣ ሴቶቹ ያጥባሉ። ከዚያም ወንዱ ወጥቶ «እኛ እንዴት በጥቂት ብር እንደምንኖር!» ብሎ ያወራል። ወንድም፣ አንተ በጥቂት ብር አልኖርክም፤ በእኅትህ የጥናት ሰዓት ነው የኖርከው። ያንን ሰዓት በብር መንዝረው፤ የግቢው ውድ ምሳ ያንተ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቀርከሃ ሠሪውን በማስቀነስና እኅትን ድስት ላይ በመተው መካከል ልዩነት የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ብልጠት ናቸው፤ የሰውን ጉልበት ሳይቆጥሩ «ርካሽ ነው» ማለት። ስለዚህ ሕጉ አጭር ይሁን፦ የሚበላ ሁሉ ይልጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ እግራችን ነው። «እዚህ ከተማ መዝናኛ የለም» የሚል እሮሮ በየቀኑ እንሰማለን። መዝናኛ ማለት ለእነርሱ የባሕር ዳር ጉዞ ነው፤ ያውም በኮንትራት መኪና። ዘንገና ሐይቅ ግን ከእንጅባራ በእግር ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በአጠገቡ ያልፋል። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ውኃው ቀጥ ብሎ እየጠለቀ ይሄዳል። የጂኦግራፊ ተማሪ ስለ እሳተ ገሞራ ሐይቅ ከመጽሐፍ አጥንቶ ዘንገናን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ካየ ምን ተማረ እንበል? ጥርባም አለ፤ እርሱም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። የዓባይ ምንጭ የሚባለው ግሽ ዓባይ ሰከላ ነው፤ ከእኛ የሩቅ አገር አይደለም።

ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። በበቅሎና በእግር የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ፣ ካርታ አንሥቶ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመበት። እርሱ ደመወዝና ጭነት ነበረው፤ መንገዱን ያሳየው ግን የአገሩ ሰው ነው። ዛሬ ዳንግላ ተወልዶ ዳንግላ የተማረ ልጅ የወንዞቹን ስም ከእንግሊዛዊው መጽሐፍ ቢማር ማፈር ያለበት ማነው? አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ጭብጦ በሶ ይዞ የወጣ ተማሪ ከቺዝማን የሚያንሰው በበቅሎው ብቻ ነው። በአንድ ነገር ደግሞ ይበልጠዋል፤ አማርኛውን ወይም አውንጊውን ያለ አስተርጓሚ ይናገራል።

እርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሁሉ እንደ ድሮው አልሆነም። ማንንም «ውጣና ሞክር» አንልም። ትንሽ ጉዞ ትንሽ የሆነችው ለዚህም ነው፤ ሰላም በሆነ ቀን፣ በጋራ፣ አገሩን የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቆ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሶ። እሱም ባይቻል ገበያ አለ። ቅዳሜ ገበያ ገብቶ አንድ ሸክላ ከየት አፈር እንደመጣ፣ አንድ ባና ስንት በግ እንደፈጀ ጠይቆ መመለስም ጉዞ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው ያልሄደበት ጉዞ ነው።

አሁን ከጠንካራው ተከራካሪያችን ጋራ እንገናኝ። «እናንተ ድኽነትን ታስውባላችሁ» ይለናል። «ተማሪው የሚፈልገው እንጀራ ነው፤ እናንተ የቀርከሃ ዱካ ትሰጡታላችሁ። የሚጠየቀው ሳይጠየቅ፣ ችግሩን በጌጥ ትሸፍናላችሁ።» ይህ ቀልድ አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል።

የጎጃም የቆሎ ተማሪ ምስክራችን ይሁን። ጎጆውን በራሱ እጅ ቀልሷል፤ ደበሎ ለብሷል፤ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኗል፤ ቀለሙን ከጥላሸትና ከቅጠል አንጥሯል፤ ብርዑን ከመቃ ቀርጿል። ከዚያ ባዶ ጎጆ ውስጥ የቅኔ ሊቅ ወጥቷል። ይህን ስንናገር ግን የነከሰውን ውሻ፣ የገደለውን ተስቦ፣ የጠናበትን ረኃብ አንረሳም። ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ማንም ልጁን ወደዚያ ረኃብ እንዲመልስ አንመኝም። ከእርሱ የምንወስደው ረኃቡን አይደለም፤ በእጁ አለማፈሩን ነው።

ደግሞም ሌላው ገደል አይጠፋንም። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሞሪስ የሚባል ሰው በ1861 እ.ኤ.አ. ከባልንጀሮቹ ጋራ ድርጅት አቁሞ የእጅ ሥራን ሊያድስ ተነሣ። ጥበብ ለጥቂቶች ብቻ መሆን የለበትም ባይ ነበር። ግን በእጅ የተሠራው ዕቃ ዋጋው ከፍ አለና ዋነኛ ገዥዎቹ ሀብታሞች ሆኑ። ይህ ለእኛም ይመጣል። ነገ የእንጅባራ ቀርከሃ በአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ «ባህላዊ» ተብሎ ይቆም ይሆናል፤ የሠራው ሰው ግን ልጁን ደብተር መግዣ ያጣ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ማፍቀር ብቻ አይበቃም። ጥያቄው ሁልጊዜ ለባለእጁ ስንት ደረሰው ነው።

ለተከራካሪያችን እንግዲህ መልሳችን ይኸው ነው። እንጀራ መጠየቅና ዱካ መሥራት ጠላቶች አይደሉም። ዱካ የሠራ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ስንት እንደሚያወጣ በጣቱ ያውቃል፤ እንጀራ ሲጠይቅም የሚጠይቀው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ሒሳብ ነው። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ደመወዝ የሚጠብቀው ግን ደመወዙ በመጣ ቀን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መግዛት። ያን ቀን ደግሞ ሁልጊዜ የሚበልጥ ገዥ አለ። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ድኻ ነው፤ ብር እያለውም።

ይህች መጽሔታችንም ትመስክር። ማባዣው ሲደክም ገጹ ይደበዝዛል፤ ቀለሙ ጣት ላይ ይቀራል፤ ገጾቿን ያጠፍናቸውና የሰፋናቸው በእጃችን ነው። በከተማ ማተሚያ ቤት ብትታተም ታምር ነበር። ግን ገንዘቡን ስንጠብቅ አንድም ቁጥር ባልወጣ ነበር። አነበባችኋት ማለት በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ነገር ይነበባል ማለት ነው።

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን የምንለውን በአራት ነገር እናስር።

አንደኛ፣ በእጅ የተሠራ ዕቃ ስትገዙ የሠሪውን ስም ጠይቁ፤ የሥራውን ቀን አስሉ፤ ከዚያ በታች አታስቀንሱ። ገንዘቡ ካልበቃ ትንሹን ግዙ፤ ወይም ቆይታችሁ ግዙ።

ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ እያንዳንዳችን አንድ የእጅ ሥራ ከባለሙያው ዘንድ እንማር፤ መሰንጠቅ፣ መፍተል፣ መስፋት፣ ሸክላ ማበጀት። በነጻ አይደለም፤ እየከፈልን። መምህር በደመወዝ የሚያስተምር ከሆነ ቀርከሃ ሠሪው ለምን በነጻ ያስተምራል? የተማሪዎች ኅብረትም ባለእጆችን ወደ ግቢ ይጋብዝ፤ ሸቀጥ ሻጭ አድርጎ በር ላይ እንዲያቆማቸው ሳይሆን መምህር አድርጎ ፊት ለፊት እንዲያስቀምጣቸው።

ሦስተኛ፣ የጋራ ድስት ያላችሁ ተራ አውጡ፤ ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ተራውን የዘለለ ወንድ ያን ቀን በሶ ይብላ።

አራተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ በእግር እንውጣ፤ ያየነውን በደብተር እንጻፍ። የሚጻፈው ለዚህች መጽሔት ይምጣ። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ቀን፣ የአንድ ምንጭ አቅጣጫ፣ የአንድ ቃል የአውንጊ ትርጉም፣ ሁሉም ጽሑፍ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገን ሀብታም አንሆንም። በጀቱ ያው ነው፤ ብርዱም ያው ነው። ግን በተበደረ ገንዘብ ከሚያብረቀርቅ ሰው ይልቅ ዱካው ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው እንሆናለን። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ ሰምተናል፤ ጓሮው ሙሉ ቀርከሃ ሆኖ ፕላስቲክ በዱቤ መግዛትም የእሱ ታናሽ ወንድም ነው።

መልስ ያለው ይመልስልን፤ ለሚቀጥለው ቁጥር ገጽ አለን። ብቻ መልሱን ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ አንድ ድንች ልጦ ይምጣ።